ማንኮራፋቱ ቀጥ ሲል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ላቀው መቀስ አላስነኩኝም። «ዛሬ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተትና የሰው ጭንቅላት ተመልከት» አሉኝ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ከቦምቤ የመጣሁ ልጅ ነኝ። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ የነበረችው የእሳቸው ፀጉር ቤት ሦስት ወንበር ነበራት። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ጭንቅላት ሳይ ዋልኩ። ማታ «ምን አየህ?» ሲሉኝ «ፀጉር» አልኩ። «በል እንግዲያው ነገም ትመለከታለህ» አሉኝ።

እሳቸው ቤት ሥራ በደረጃ ነበር። ጀማሪ ወለል ይጠርጋል፣ ፎጣ ያጥባል፣ ቶንዶስ ዘይት ይቀባል። ቀጥሎ የልጆች ፀጉር ይሰጠዋል፤ ቢያበላሸውም ተመልሶ ያድጋል። ከዚያ የአዋቂ ፀጉር ይመጣል። ምላጭ የመጨረሻው ነው። ምላጭ የያዘ ሰው «ወንበር ተሰጠው» ይባላል። ከዚያ በኋላ ሻዩን እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያመጣለት።

ምላጭ የተማርኩት በራሳቸው በጋሽ ላቀው ጺም ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድመው አንገታቸውን ሰጡኝ። «አደራህን፣ የልጆች አባት ነኝ» አሉኝ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ እሳቸው ግን ግማሽ ሳልደርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስለሚያምኑኝ ይሁን ስለደከማቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

የእኛ ወንበር ላይ ሰው ይተኛል። ሞቅ ያለ ፎጣ ፊቱ ላይ ሲያርፍ የማይተኛ ጥቂት ነው። ጋሽ ላቀው የሚተኛ ደንበኛ ይወዳሉ፤ «ፖለቲካ አያወራ፣ ዋጋ አይከራከር» ይላሉ። የሚያንኮራፋውን ግን እንድጠነቀቅ አጥብቀው ነግረውኛል። «ሲያንኮራፋ ላጨው፣ ግድ የለም። ማንኮራፋቱ ቀጥ ሲል ግን ምላጭህን አንሣ። ቀጥሎ መደንበሩ አይቀርም።»

እውነታቸውን ነው። አንዳንዱ ሰው ሲያንኮራፋ ይቆይና ድንገት ጸጥ ይላል። ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ አየር ግን አይገባም። ከዚያ መላ ሰውነቱ ይናጥና ከወንዝ እንደወጣ ሰው አየር ይስባል። ያን ጊዜ ምላጩ ጉሮሮው ላይ ከተገኘ ጉድ ፈላ!

ለዚህ ነገር የቤት ቃል ነበረን። ጸጥ ሲል «ጠለቀ» እንላለን፣ ሲመለስ «ወጣ» እንላለን። ከጎን ያለው ባልደረባዬ «ጠለቀ እንዴ?» ይለኛል። «ጠልቋል» እለዋለሁ፣ ምላጬን አንሥቼ እጠብቃለሁ፣ «ወጣ» ብዬ እቀጥላለሁ። በሽታ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ሰው እንደየጠባዩ ነው የሚተኛው ብለን አልፈነዋል።

የራሴን ፀጉር ቤት ከከፈትኩ በኋላ እንደ ዘብዴዎስ የሚጠልቅ ደንበኛ አላየሁም። በሶዶና በዲምቱ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ ሾፌር ነው። አንገተ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጥሬ ሥጋ ሲቀርብ ዳጣውን ለማንም የማያስነካ ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት የመናኸሪያ ተራው ከመድረሱ በፊት መጥቶ ይላጫል። «ሳሮ ነው ወይ ሳሚ?» ብሎ ደኅንነቴን ይጠይቀኛል፣ መልሴን ግን አይሰማም። ጨርቁን አንገቱ ላይ ሳላስርለት እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል።

ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው፤ እሱ ሽማግሌ ሆኖ ያገለግላል። እዚያ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። የጸሎት ሰው ይባላል። ረቡዕ በጸሎት ፕሮግራም ይንበረከክና ግንባሩን አግዳሚው ላይ ያስደግፋል። ሌላው «አሜን» ብሎ ሲነሣ እሱ አይነሣም። መዝሙር ይዘመራል፣ ማስታወቂያ ይነገራል፣ ዘብዴዎስ እዚያው ነው። አልፎ አልፎ ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ይሰማል። «ይቃትታል፣ ሸክም ይዞት ነው» ይባላል። እናቶች «ዝም በሉት፣ ከጌታ ጋር ነው» እየተባባሉ በእግራቸው ጣት ያልፉታል። መጋቢያችን አንድ እሑድ ወጣቶቹን ሲገሥጹ «እንደ ወንድም ዘብዴዎስ በፊቱ መቆየትን ተማሩ» ብለዋል። እኔም ቀንቼበታለሁ። የእኔ ጸሎት ጉልበቴን ሲያመኝ ነው የሚያልቀው።

አንድ ቅዳሜ ጉሮሮውን ስላጨው ጠለቀ። ምላጬን አነሣሁ። ጠበቅሁ። አልወጣም። ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራው ጳውሎስ ቶንዶሱን አጠፋና «ሳሚ፣ አልቆየም?» አለኝ። የዘብዴዎስን ከንፈር ሳይ ጠቁሯል። ክው አልኩ። ምላጩን ወርውሬ በሁለት እጄ ትከሻውን ይዤ ናጥሁት። ተንጠራርቶ አየር ሳበና፣ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ቤቱ እስኪናጋ «አሜን!» አለ።

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ያን አሜን አውቀዋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ ካበቃ በኋላ፣ ከአግዳሚው ሥር የሚሰማው አሜን ነው።

ፊቱን ሲያብስ ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ። «ዘብዴ፣ እስቲ በጌታ እውነቱን ንገረኝ። ረቡዕ ትጸልያለህ ወይስ ትተኛለህ?»

ግራ ቀኝ አየ። «መጀመሩንስ እጀምራለሁ» አለ። «ጎዳው! ከዚያ የት እንደምሄድ አላውቅም።» ጎዳው በወላይትኛ ጌታ ሆይ ማለት ነው፤ ሲጨንቀው ይችን ነው የሚለው።

«መሪ ላይስ?» አልኩት።

ፎጣውን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ሚኒባሱ ሞልቶ ይጠብቀዋል። በሩ አጠገብ አንዲት እናት ዶሮዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ያን ቀን ከዲምቱ እስኪመለስ ምሳ አልዋጥልህ አለኝ።

በሳምንቱ መካከል ዶክተር በረከት ሊቆረጥ መጣ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፀጉሩን የቆረጥኩት ልጅ ነው፤ አሁን ሆስፒታል ይሠራል። የማንን ነገር እንደማወራ ሳልናገር ያየሁትን ነገርኩት። ሞባይሉን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ጋሽ ሳሙኤል፣ ትንፋሹ ሲቆም በዓይንዎ አይተዋል?»

«እንጀራዬ እኮ ነው። ምላጭ ይዤ ነው የምጠብቀው።»

«ጠዋት ራሱን ያመዋል?»

«ማስታገሻ ከኪሱ አይጠፋም።»

«አንገቱስ ወፍራም ነው?»

«ኮሌታ አይዘጋለትም።»

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «ስሊፕ አፕኒያ የሚባል ሕመም ሊሆን ይችላል» አለ። «እንቅልፍ ላይ ጉሮሮው ይዘጋል፣ ትንፋሹ ይቋረጣል። አየር ሲያጥረው አንጎሉ ይቀሰቅሰዋል፣ እሱ ግን መንቃቱን አያስታውስም። ሲታገል ያድራል እንጂ ተኛ አይባልም። ቀን ቀን የሚጥለው ለዚህ ነው። መመርመር አለበት። ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?»

«ሾፌር» ስለው ግማሽ ፀጉሩ እንደቀረ ከወንበሩ ተነሣ። «እስኪመረመር መሪ አይያዝ! ዛሬውኑ ይንገሩት።»

ቤቱ ስሄድ ዘብዴዎስ አልገባም ነበር። ባለቤቱ ማርታ ደጃፍ ላይ የቦዬ ሥር ስትልጥ አገኘኋት። ነገሩን ከማንኮራፋት ጀመርኩላት። «እሱንማ ሰፈሩ ያውቀዋል» አለች እየሳቀች። «ልጆቹ እንኳ ሸሽተው ሌላ ክፍል ነው የሚተኙት።»

«ሲያቆምስ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ሲያቆምማ ተመስገን ብዬ፣ ያኔ ነው እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

ያለችውን ራሷ ሰማችው። ቢላዋው እጇ ላይ ቀረ። እንባዋ ጭኗ ላይ ጠብ ጠብ አለ። «እኛም እኮ ዕድሜ ልካችንን እያየን አናውቅም ነበር» አልኳት።

ዘብዴዎስ ሲመጣ ሁለታችንም ያዝነው። እምቢ አለ። መጀመሪያ «ደክሞኝ ነው፣ ሾፌር መች ደክሞት አያውቅም?» አለን። ማርታ ወደ ጓዳ ስትገባ ግን እውነተኛውን ምክንያት ነገረኝ።

«ሳሚ፣ ሐኪም ዘንድ ሄጄ በሽታዬ እንቅልፍ ነው ብል ከተማው ይሰማል። ታዲያ ያ ሁሉ ጸሎት እንቅልፍ ነበር ሊባል አይደለም? መጋቢው ምሳሌ ያደረጉኝ ሰው የመዘምራን መሳቂያ ልሁን?»

«ብትሞትስ?»

«ሞትማ በጌታ እጅ ነው።»

«ተሳፋሪውስ በማን እጅ ነው?»

አቀረቀረ። የሚኒባሱን ቁልፍ ግን አልለቀቀም። በማግሥቱም ተራ ይዞ ወጣ። እኔ ተናድጄ አላናግረውም ብዬ ነበር፣ ግን ሚኒባሱ በሰላም ሲመለስ ሳይ ንዴቴ ይጠፋብኛል። እንዲህ እያደረገኝ ቅዳሜ ደረሰ።

መጣ፣ ተቀመጠ። ፊቱን አረፋ ቀባሁት፤ ምላጭ ግን ከመሳቢያ አላወጣሁም። ጳውሎስን ጠቀስኩት፣ ስልኩን አውጥቶ ከፊት ለፊት ቆመ። ዘብዴዎስ ተኛ። አንኮራፋ። ጠለቀ። ወጣ። ደግሞ ጠለቀ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በዚያን ቀን አንዳቸውም አልሳቁም።

ሲነቃ «ጨረስክ?» አለኝ።

«አልጀመርኩም» አልኩትና ስልኩን ሰጠሁት።

ሰው ሲተኛ ራሱን አይቶ አያውቅም። እሱም መጀመሪያ በማንኮራፋቱ ሳቀ። «ኧረ ይሄ በሬ ነው!» አለ። ከዚያ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ጸጥ አለ። ደረቱ ይታገላል፣ ድምፅ የለም። ዘብዴዎስ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ውጣ» አለው ራሱን። «ውጣ እንጂ አንተ ሰውዬ!» በመጨረሻ ሰውየው አየር ሲስብ እሱም አብሮ ሳበ። አረፋው አገጩ ላይ ደርቋል።

«ሞቼ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ሆኜ ነው የሰው ልጅ የምጭነው?»

ከኪሱ የሚኒባሱን ቁልፍ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «ለወንድሜ ስጠው፤ ዛሬ እሱ ይውጣ።» ከነአረፋው አቀፍኩት። ሸሚዜ ተበላሸ፣ ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም።

ዶክተር በረከት አይቶት ወደ አዲስ አበባ ላከው። እዚያ ሽቦ በሽቦ አድርገው አስተኝተው መዘገቡት። ሕመሙ ያው ነው፣ ያውም የከፋው ዓይነት። ማታ ማታ ፊቱ ላይ ጭምብል አድርጎ የሚተኛበት፣ አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት የሚያደርግ ማሽን ታዘዘለት፤ ዘመድ ወዳጅ ተረዳድቶ ተገዛ። መብራት ሲጠፋ ማርታ በጎኑ ታስተኛዋለች። ክብደት ቀንስ መባሉ ግን ከበሽታው በላይ አሳዘነው። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ደርሶ በየቤቱ በሬ ሲታረድ ማርታ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ፊቱ ቆማ አንድ ሁለት ጉርሻ ብቻ አሳለፈችለት።

አንድ እሑድ ዘብዴዎስ በምስክርነት ሰዓት እጁን አወጣ። የሚመሰክር መስሎኝ የነበረው ስለ ፈውሱ ነው። ማይኩን ያዘና «ጌታ ይባረክ፣ ወንድሞችና እህቶች» አለ። «እኔ ረቡዕ ረቡዕ ስጸልይ አልነበረም። ተኝቼ ነበር።»

ከፊት ረድፍ አንዲት እናት «መቃተቱስ ልጄ?» አሉት።

«ማንኮራፋት ነው እማማ።»

የዚያን ቀን የተሳቀው ሳቅ! መጋቢው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። ዘብዴዎስ ፊቱ በላብ ተጠምቆ፣ ሳቁ እስኪበርድ ቆሞ ጠበቀ። የፈራው ነገር ሁሉ ደረሰበት፣ እሱ ግን አልተቀመጠም። ከዚያ ሕመሙን አንድ በአንድ ነገራቸው። ማንኮራፋቱን፣ መቆሙን፣ መደንበሩን፣ ቀን በመሪ ላይ የሚመጣውን እንቅልፍ ሁሉ ሳይደብቅ ተናገረ። «የዲምቱ መንገድ ላይ እኔ ስተኛ ያደረሳችሁ ጌታ ነው» አለ። የሚስቅ አልነበረም። ከሴቶቹ በኩል አንዷ ዞር ብላ ባሏን አየችው። ሌላዋም አየች።

ስንወጣ ግቢው ውስጥ ሴቶች ዘብዴዎስን ከበውት አገኘሁ። ባሎቻቸውን በእጅጌ ይዘው «የዚህም ይቆማል፣ እስቲ ንገረው!» ይሉታል። የመጋቢው ባለቤት ከሁሉም ፊት ነበሩ።

ዶክተሩ ንዳ ብሎ ከፈቀደለት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ጨርቁን አሰርኩለት፣ ዓይኑ አልተከደነም። ፎጣ አደረግሁለት፣ አልተኛም። በመስታወቱ እጄን እየተከተለ «ሳሚ፣ እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የምትላጨኝ? እዚህ ጋ ዘለልክ እኮ!» አለኝ።

«ዝም በል፣ ምላጭ ይዣለሁ» አልኩት።

መች ዝም ሊል! የነዳጁን ሰልፍ፣ የማርታን ጎመን፣ የወንድሙን አነዳድ አወራኝ። ለካስ ወሬኛ ነው! ያን ያህል ዘመን ላጭቼው ጠባዩን አላወቅሁም ነበር። እየላጨሁት ደስታ እንባዬን አመጣው፤ ሳሙናው ዓይኔ ገባ አልኩት።

አሁን ፀጉር ቤቱን ለጳውሎስ ለቅቄያለሁ። በሙያው ላላችሁ የምለው ይህን ነው፦ የተኛ ደንበኛ ትንፋሹ ሲቋረጥ ካያችሁ፣ ሲነቃ ንገሩት። እሱ አያውቅም።