የጸጥታ ጠባቂው ሳል

ሰውየው የተቀጠረው ሌላውን ዝም ለማሰኘት ነው። በቤተ መጻሕፍቱ የንባብ አዳራሽ በር አጠገብ፣ አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈች ጠረጴዛ ነበረችው። እዚያ ተቀምጦ የሚያንሾካሹከውን ይገሥጻል፤ ወንበር የሚጎትተውን በዐይኑ ይቀጣል። ይህን ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሠራ። ሃያ ስድስቱንም ዓመት ሳለ።

ሳሉ የጉንፋን ሳል አይደለም። ከሆድ ተነሥቶ፣ ደረት ላይ እንደ ጭነት መኪና ማርሽ ቀይሮ፣ ጉሮሮ ላይ የሚያራግፍ ሳል ነው። አንባቢዎች «እህህ» የሚል ስም አወጡለት። ሹክሹክታ ሰምቶ ሊገሥጽ ሲነሣ ሳሉ ይቀድመዋል፤ ጥፋተኛው ዝም ሲል፣ ጥፋት የሌለባቸው አርባ ሰዎች ከመጽሐፋቸው ቀና ይላሉ። ከተወለደ ጀምሮ አፍንጫው ደርቆ እንደማያውቅ እናቱ ይመሰክራሉ።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ደግሞ ሌላ ክስ ነበራት። በተጣሉ ቁጥር «አንተ እኮ ልብ የለህም» ትለዋለች። ጎረቤት የባልና ሚስት ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። እርሷ ግን የልኬት ሰው ናት፤ ሳትለካ አትናገርም። በተጋቡ ሰሞን ጆሮዋን ግራ ደረቱ ላይ ጥላ አንድም ምት አጥታ ነበር።

ነገሩ የከረረው አዲሲቱ ኀላፊ ስትሾም ነው። ሠራተኞች «ሐመሩ ሐ» ይሏታል፤ «ሐሳብ»ን በሀሌታው ሀ የጻፈላትን ሰው ማመልከቻ፣ ሐሳቡን ሳታይ ትመልሳለችና። አንባቢዎች ስለ ሳሉ አቤቱታ ጻፍን። ከፈራሚዎቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ ፊደሉንም ያረምሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ተነበበ። ኀላፊዋ ወሰነች፦ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ የሐኪም ወረቀት ያምጣ፤ አለዚያ ምድር ቤት ወዳለው የአሮጌ ጋዜጣ መጋዘን ይዛወር። መጋዘኑ ጤነኛውን በሳምንቱ የሚያስል የአቧራ ጉድጓድ ነው። ሰውየው መጋዘኑን እንደ መቃብር ፈራው፤ በሩን ደግሞ ይወድ ነበር።

ራጅ አንሺው የመጀመሪያውን ፎቶ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ጀርባዎን ነው እንዴ የሰጡኝ?» አለው። ደግሞ አነሣው። ከዚያ የቀኝና የግራ ምልክቱን የተሳሳትሁት እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ወቀሰና ፊልሙን ገልብጦ ሰጠው። ከዚያ በፊት የተነሣቸው ሦስት ፎቶዎችም በሦስት እንዲህ ያሉ ትሑት ባለሙያዎች ተገልብጠው ነበር።

የሳንባ ሐኪሟ ግን ፎቶውን ከማየቷ በፊት ማዳመጫዋን ግራ ደረቱ ላይ አኖረች። ብዙ ቆየች።

«ልብዎ የት ሄደ?»

«ኧረ ከእኔው ጋር ነው የመጣው።»

ማዳመጫውን ወደ ቀኝ አሻገረችው። ልቡ እዚያ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል። ሚስቱ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ተናግሬያለሁ» አለች።

ሐኪሟ በቀጭን ብሩሽ ከአፍንጫው ጥቂት ሕዋሳት ወሰደች፤ ከራሷም ወሰደች። በማይክሮስኮፑ ሁለቱንም አሳየችው። በእርሷ ሕዋሳት ጫፍ የበቀሉት፣ ሐኪሞች ሲሊያ የሚሏቸው ጥቃቅን ጠጉሮች፣ ነፋስ እንደነካው ሰብል በሴኮንድ ዐሥር ጊዜ ያህል በኅብረት ይወዛወዛሉ። የእርሱ ጠጉሮች ግን አይነቃነቁም። የአየር ቧንቧ ጠራጊዎች እነዚህ ናቸው፤ አቧራና ተሐዋስያን የያዘውን አክታ ወደ ላይ የሚገፉት እነርሱ ናቸው። ናሙናው ወደ ረቀቀ መሣሪያ ተልኮ በሳምንቱ ውጤቱ ሲመለስ፣ ሐኪሟ የጠጉሩን ውስጥ በወረቀት ሣለችለት፦ መካከል ሁለት ቱቦ፣ ዙሪያውን ዘጠኝ ጥንድ። ከጥንድ ወደ ጥንድ የሚዘረጉ ክንዶች እየሳቡ ጠጉሩን ያወዛውዙታል። በእርሱ ጠጉሮች ውስጥ ክንዶቹ የሉም። የልቡም ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። ሰው በማሕፀን የጥቂት ሳምንት ፅንስ ሳለ፣ የእነዚህ ዘመድ የሆኑ ጠጉሮች እየተሽከረከሩ ፈሳሽ ወደ ግራ ይገፋሉ፤ አካል ግራና ቀኙን የሚለየው በዚያ ነው። ጠጉሮቹ ከቆሙ ነገሩ በዕጣ ይወሰናል። ለእርሱ ቀኝ ወጣለት።

«ሳልዎ በሽታው አይደለም» አለችው። «ጠራጊዎቹ በቀሩበት ቦታ የሚሠራልዎ ብቸኛ ሠራተኛ ነው። አያባርሩት፤ ሰዓት ይስጡት።» ሚስቱንም በተቆለመመ መዳፍ ጀርባውን እየመታች አክታውን እንዴት እንደምታላቅቅ አስተማረቻት። ሚስቲቱ ትምህርቱን በደስታ ተቀበለች።

ከዚያ ሐኪሟ ወረቀቱን ጻፈች፦ «ሕመሙ አይተላለፍም። አቧራ ክልክል ነው። ታካሚው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ ንጹሕ አየር ባለበት እንዲሥሉ ታዟል።»

አንባቢ ልብ ይበል። ሳል የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው፤ ሥዕል በንጉሡ ሠ። ሐኪሟ የተማረችው ሳንባ እንጂ ፊደል ስላልሆነ፣ «እንዲሥሉ»ን እንደ ብዙው ሰው እጇ እንደመራት በንጉሡ ሠ ጻፈች።

ኀላፊዋ ግን ፊደል የምታነብ ሰው ናት። ሥዕል ለሳንባ እንደሚበጅ እስከዚያ ቀን አልሰማችም፤ የባለሙያን ትእዛዝ ማክበር ግን ደንቧ ነው። የንድፍ ወረቀትና ዐሥራ ሁለት እርሳስ ከዕቃ ግምጃ ቤት አስወጣችለት፤ የሣለውን በየሳምንቱ እንዲያሳያት አዘዘች። ሰውየው ሊያርማት አፉን ከፈተ። የታዘዘለት ሳል መሆኑን ብታውቅስ? መጋዘኑ ታየው። አፉን ዘጋ። ዝምታ ሙያው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት አራት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል። ሚስቱ ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትመጣለች። የጥንት ቂሟን ሁሉ ጀርባው ላይ ትወጣለች፤ እርሱም ይስላል። በቀረችው አንድ ደቂቃ እየተጣደፈ ይሥላል። መሣል የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ኀላፊዋ ዐርብ ዐርብ ታያለች።

«አበባ ነው?»

«እንደዚያ ያለ ነገር ነው።»

«መካከሏ ሁለት ሆነሳ?»

«ተፈጥሮዋ ነው።»

ከዐሥራ ሁለቱ ተመሳሳይ አበቦች ንጹሑን መርጣ አዳራሹ ውስጥ ሰቀለችው። በወሩ፣ አክታው በጓሮ ስለሚቀር፣ አዳራሹ ውስጥ ሳል የሚባል ጠፋ። እኛም ፈራሚዎቹ የቀረብን ነገር እንዳለ ታወቀን፤ የገጽ መገለጥ ያስደነግጠን ጀመር።

አንድ ቀን ሐኪሟ መጽሐፍ ልትዋስ መጣች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አይታ ተጠጋች። ማን እንደሣለው ጠየቀች።

«የእርስዎ ታካሚ ነው» አለች ኀላፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «በትእዛዝዎ።»

«እኔ ሥዕል መቼ አዘዝሁ?»

ወረቀቱ ከፋይል ወጣ። ኀላፊዋ በጣቷ ንጉሡን ሠ አሳየቻት። ሐኪሟ፣ «ይሳል ነው ያልሁት፤ እንዲህ!» ብላ አዳራሹን ያናወጠ ሳል ሳለች። አርባ ራስ ቀና አለ። ጸጥታ ጠባቂው ከወንበሩ ተነሣ፣ አጠገቧ ደረሰ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ገሠጻት።

ኀላፊዋ ወደ እርሱ ዞረች። «ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። መጋዘኑን ፈርቼ ነው።»

ኀላፊዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ቀይ እስክሪብቶ አወጣች፤ ንጉሡን ሠ ሰረዘች፣ እሳቱን ሰ ከላዩ ጻፈች፣ ኅዳጉ ላይ ፈረመች። ትእዛዙ እንደታረመው የጸና መሆኑን፣ እርሱም በሩ ላይ እንደሚቀጥል ነገረችው። እርሳሶቹን ግን እንዲመልስ አዘዘች።

ሐኪሟ አሁንም ሥዕሉን ትመረምር ነበር። ዘጠኙ ጥንድ፣ ሁለቱ ቱቦ ሁሉም በቦታው ነው፤ ክንዶቹ ግን ተረስተዋል አለች። ጉድለት አይታ የማታልፈው ኀላፊ ወዲያው እርሳስ ዘረጋችለት።

«ይቅር» አለ ሰውየው፤ «የሣልሁት የራሴን ነው።»

ይህን ያለው በየትኛው ሰ እንደሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ኀላፊዋ አልጠየቀችም።