የኡርጌ መፈልፈያ

ጉደርና አካባቢው ላይ ዶሮ የሚያረባ ሰው ሁሉ ኡርጌ ኤጄታን ያውቃታል። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ማመልከቻዎቿን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ስንቱን እንደጻፍኩ ትዝ አይለኝም። ፋይሏ ግን አሁንም ቤቴ አለ፣ ወፍራም ነው።

ኡርጌ ከጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሥራዋን የለቀቀችው ባሏ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከደብረ ዘይት የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን እየገዛች ታመጣና አሳድጋ፣ ቄብ ሲሆኑ ለገበሬዎችም ለአምቦ ሆቴሎችም ትሸጥ ነበር። መንገዱ ግን ይገድልባታል። መቶ ጫጩት ጭና ሰማንያ ይዛ ከደረሰች ተመስገን ትላለች። አውቶቡስ ውስጥ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በቀዳዳው ጣቷን እየሰደደች፣ ሞቃቸው በረዳቸው ስትል ጉደር ትገባለች። ሁልጊዜ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ጫጩቱን እዚሁ መፈልፈል።

በ2004 መስከረም ላይ በድሉ የሚባል፣ እዚህ ካምፓስ የሚያስተምር ወጣት እንቁላል ሊገዛ መጥቶ ይህን ምኞቷን ሰማ። በማግስቱ ላፕቶፑን ይዞላት መጣ።

«ይኸውልሽ አዴ ኡርጌ፣ አምስት መቶ እንቁላል ባንድ ጊዜ ይፈለፍላል። የቻይና ነው። ዘጠኝ ሺህ ብር ቢሆን ነው።»

«እዚህ ድረስ?»

«እዚህ ድረስ» አላት።

አልዋሻትም። እሱም አያውቅም ነበር። ቻይና የሚማር ጓደኛ አለው፤ ጓደኛው እዚያው ለፋብሪካው ይከፍላል፣ ኡርጌ ደግሞ ብሩን አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ትሰጣለች። ነገሩ ቀላል መሰለ። ኡርጌ ጊደሯን ሸጠች።

በወሩ ጓደኛው ደወለ። ዘጠኝ ሺው የፋብሪካው በር ድረስ ብቻ ኖሯል። በመርከብ እንዳይላክ አንዱን ዕቃ ብቻውን የሚጭን ጠፋ፤ በአውሮፕላን ደግሞ ከማሽኑ ዋጋ ይበልጣል። ማሽኑ ሰባ ኪሎ ነው፣ የሚያስከፍሉት ግን በሚይዘው ቦታ ልክ ነው።

«ውስጡ እኮ ባዶ ነው!» አለች ኡርጌ። «አየር ልናስጭን ነው እንዴ?»

በድሉ አንገቱን ደፋ። የተከፈለው ገንዘብ ደግሞ አይመለስም ተባለ። ዕቁብተኞቿን ለምና ተራዋ ሳይደርስ አወጣችና የአውሮፕላኑን ላከች። እኔም ያኔ «ከዚህ በኋላማ አለቀ» ብያታለሁ። ስለዚህ በድሉን ብቻ አልወቅስም።

ዕቃው ጥር ላይ አዲስ አበባ ገባ። ኡርጌ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ፣ ማሽኑን ይዛ የምትመለስ መስሏት ሄደች። ጉምሩክ ያገኘቻት ልጅ ትሁት ነበረች። ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣

«እናቴ፣ ይኼ የተገዛበት ዶላር በባንክ ነው የተላከው?» አለቻት።

«አይ፣ አንድ ተማሪ እዚያው ከፍሎልኝ ነው።»

«እንግዲያው ፍራንኮ ቫሉታ ነዋ። ፈቃድ ይጠይቃል።»

ኡርጌ ፍራንኮ የሚባል ሰው አለ ብላ፣ «ቢሮው የት ነው ልጄ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ አልሳቀችባትም። ቃሉ ዶላሩ በባንክ ሳያልፍ የገባ ዕቃ ማለት መሆኑን ነገረቻትና የሚያስፈልገውን አስቀምጣ አስረዳቻት፦ ከወረዳው ግብርና ድጋፍ፣ ከዞን፣ ከዚያ በላይ ካለው፣ በመጨረሻም ፈቃዱ። «ደብዳቤው ዕቃው ሳይጫን ቢመጣ ኖሮ ቀረጡም ሊቀርልሽ ይችል ነበር» አለቻት። እስከዚያ ማሽኑ መጋዘን ይቆያል፤ መጋዘኑ በቀን ይቆጥራል።

መመላለስ የተጀመረው ያኔ ነው። የወረዳው ደብዳቤ በአንድ ቀን አለቀ። አምቦ ዞን ስትደርስ ቁጥር የለውም ተባለ። ቁጥር ተጻፈበት፤ ኃላፊው ግምገማ ላይ ናቸው። ከግምገማ ሲወጡ መስክ ሄደዋል። አዲስ አበባ ደግሞ የማሽኑ ስም በደብዳቤው ላይ «የዶሮ ማሽን»፣ በደረሰኙ ላይ ሌላ ሆኖ ተገኘና እንደገና ከጉደር ጀመረች። ክፉ የተናገራት፣ ጉቦ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁሉም «እናቴ» እያለ ወደሚቀጥለው ቢሮ ያሳልፋታል። ከጥር እስከ ግንቦት አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰች። ስትመለስ እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትገባ አይቻታለሁ።

«ቲቸር፣ ሌላ ወረቀት ነው» ትለኛለች በር ላይ ቆማ። «ማል ጎና?» ምን እናድርግ ማለቷ ነው። እኔም እጽፋለሁ።

ቤት የምትቀረው ሃዊ ነበረች፤ አንድ ልጇ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። እናቷ በሌለችበት ዶሮዎቹን የምታበላውም፣ ኩሱን የምትጠርገውም እሷ ናት። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ፈንግል ገባ። ጠዋት ሦስት ዶሮ ሞቶ አገኘች፤ በነጋታው አሥራ አንድ። ሃዊ የታመሙትን ከጤነኞቹ እየለየች፣ ክትባት ፍለጋ አምቦ እየሮጠች፣ የሞቱትን ጓሮ እየቀበረች ስምንት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። በር ላይ ሳገኛት፣

«ሃዊ፣ ፈተናው ደርሷል እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ ቲቸር። ማንን ላቁምላቸው?» አለችኝ። እጇ የሞቱትን ስትቀብር በነካችው ኖራ ነጥቶ ነበር። እኔ ክፍል ነበረብኝ፤ ሄድኩ።

ኡርጌ በእነዚያ ቀናት አዲስ አበባ አንድ ኮሪደር ላይ ተራ ይዛ ነበር። ስልክ ስትደውል ሃዊ «ደህና ናቸው» ትላታለች። እናቷ ተራዋን ትታ እንዳትመጣ ብላ ነው።

ፈቃዱ ተገኘና ማሽኑ ሰኔ ላይ ከመጋዘን ወጣ። የመጋዘኑ ኪራይ፣ ቀረጡ፣ የጉምሩክ አስተላላፊው፣ የአይሱዙው ሲደማመር፣ በዘጠኝ ሺህ ብር የታሰበው ዕቃ ከአርባ ሺህ አለፈ። ሐምሌ ላይ ሦስት መቶ እንቁላል ገባበት። ኡርጌ ቴርሞሜትሩን እያየች ከጎኑ አትነቃነቅም፤ ከብዙ ወር በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን፣ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ብንደውል «ትራንስፎርመር ነው» አሉን። ሃዊ ውሃ ማፍላት ጀመረች። በጄሪካን እየሞላን ማሽኑን ዙሪያውን ከበብነው፣ በጋቢና በብርድ ልብስ ሸፈንነው። ጎረቤቱ እንጨት አመጣ። ውሃው ሲቀዘቅዝ እንለውጣለን፣ ሲቀዘቅዝ እንለውጣለን። መብራቱ የመጣው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው።

ሰማንያ አራት ጫጩት ተፈለፈለ። ሌላው እንቁላሉ ውስጥ ቀረ፤ ከፊሉ ቅርፊቱን ሰብሮ፣ ማንቁሩን አውጥቶ ነው የሞተው። ኡርጌ ያልተፈለፈለውን በባልዲ ሞልታ ጓሮ ወሰደችና ሳትደፋው ቆማ ቀረች። ባልዲውን ሃዊ ተቀበለቻት።

የፈተናው ውጤት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሃዊ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣችም። ብዙ አልጎደላትም። ኡርጌ ስለ ፈንግሉ ሙሉውን የሰማችው ያን ቀን ነው፤ እኔው ነኝ የነገርኳት፣ ታውቃለች ብዬ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት ልጇን።

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር።»

«አዎ፣ እመጣ ነበር!»

«ከዚያ እንደገና ትሄጃለሽ አዮ። እግርሽን አይቼዋለሁ።»

«ዶሮ ይተካል እኮ ሃዊ፣ ዶሮ ይተካል» አለች ኡርጌ። ሁለቱም መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ።

ሃዊ በሚቀጥለው ዓመት አምቦ ቴክኒክና ሙያ ገባች፣ ኤሌክትሪክ ክፍል። ደስ ብሏት ነው አልልም፤ ተስማማች። ኡርጌ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዙር ፈለፈለች፣ የተሻለም ወጣላት። በ2005 መጨረሻ ግን መብራቱ ኃይል ጨምሮ መጣና ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ክፍል አቃጠለው። መለዋወጫው ከቻይና ብቻ ነው የሚገኘው ተባለ። በድሉ ራሱ፣

«በእኔ ወጪ ላስመጣልሽ» ብሎ ለመናት።

«ተወኝ በድሉ። አልተቀየምኩህም፣ ግን ተወኝ» አለችው።

አምቦ ያለ አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ የሆነ ነገር ገጣጠመላት። ይሠራል፤ ግን በራሱ አያቆምም፣ በራሱም አይነሳም። ስለዚህ ኡርጌ በየሁለት ሰዓቱ ቴርሞሜትሩን እያየች በእጇ ታጠፋለች፣ ታበራለች። ጫጩቱ ይወጣል፣ ገበሬዎቹም ከእሷ ይገዛሉ። እሷ ግን ሃያ አንዱን ቀን ሙሉ ከቤት አትርቅም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ጸሎቱ ሳያልቅ ስትወጣ መጋቢው ለምደውታል።

ባለፈው ሳምንት ዋቅጋሪ የሚባል ሰው ከሸነን መጣ። ተመሳሳይ ማሽን ሊያዝዝ ነው፤ እሷን ጠይቅ ብለውት። ኡርጌ አስቀምጣው ከጊደሯ ጀምራ ሁሉንም ነገረችው፣ ፋይሉንም ከእኔ ቤት አስመጥታ አሳየችው። ሰውየው እያዳመጠ ራሱን ነቀነቀ፣ አዘነላትም። ስትጨርስ፣

«ለእኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ነው ያሉኝ» አለ።

ኡርጌ አየችው። ከዚያ ሰዓቷን አይታ ማሽኑን ልታጠፋ ተነሳች።