ሥራነሽ ትኋን ስትበቀል

ሥራነሽ ቂመኛ ናት። ይህን የሚክድ የደብረ ማርቆስ ሰው ካለ አያውቃትም ማለት ነው። «ሽሮሽ ባቄላ በዝቶበታል» ላለቻት አንዲት ደንበኛ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ሽሮ አልሸጠችላትም፤ ለቅሶዋ ላይ የተገኘችውም እድሩ እንዳይቀጣት ፈርታ ነው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ሕሊናን በሽሮ ንግድ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። ሕሊና አማኑኤል ከተማ ጌቱን አግብታ ከአማቷ ከወይዘሮ አሰገደች ግቢ ትኖራለች፤ አሁን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በእነሱ አገር ሴት የበኩር ልጇን ስትወልድ አራስነቷን የምታሳልፈው እናቷ ቤት ነው። ሥራነሽ ይህን ቀን ስትጠብቅ ስንት ዓመቷ! የአራስ ቅቤውን ገና ድሮ ነው ያነጠረችው።

ታዲያ አሰገደች ለንግሥ ደብረ ማርቆስ መጥታ ሥራነሽ ቤት አደረች። ሥራነሽም ለእንግዳ ብቻ ያዘጋጀችውን የመኝታ ክፍል ከፈተችላት፤ የጠፍር አልጋ፣ የጥጥ ፍራሽ፣ ነጭ አንሶላ። ሥራነሽ ራሷ ሁልጊዜ የምትተኛው ጓዳ ካለው መደብ ላይ ነው። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ በሴት ተሞልቶ ሳለ፣ አሰገደች እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ክንዷን አሳየች። በሽፍታ ተዥጎርጉሯል።

«እዩልኝ እንግዲህ! ሥራነሽ ቤት እንግዳ አያበሉም፤ በትኋን ያስበላሉ እንጂ!» አለች። «እኔ የልጄን ልጅ እዚያ አልጋ ላይ አላስተኛም። ሕሊና አራስነቷን እኔው ቤት ታሳልፋለች።»

ወይ ጉድ! ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ሥራነሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልማ፣ ቀጥ ብላ ቤቷ ገባች። ፍራሹን ገለበጠችው። ከጠፍሩ ሥር፣ በየእንጨቱ መጋጠሚያ፣ ትኋኑ ተሰግስጎ ቁጭ ብሏል።

«እናንተ!» አለቻቸው። «እናንተና እሷ! ሁላችሁንም እኔ ሥራነሽ...» ፍራሹን መልሳ ጣለችና ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው እህል ነጋዴው ደመላሽ ዘንድ ነው። ደመላሽ ለጎተራ ነቀዝ የሚጠቀምበትን ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። «ክፍሉን ጥርቅም አድርገሽ ዘግተሽ ጣል ጣል አድርጊበት። ነፍስ ያለው ነገር አይተርፍም» አላት። «ነፍስ ያለው ነገር አይተርፍም» የሚለው ቃል ሥራነሽን እንደ ማር ጣማት። መንገዱን ሙሉ ለራሷ እየደጋገመችው ተመለሰች።

የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ስትጠቀጥቅ ጎረቤቷ ፈውዚያ ደረሰች። ፈውዚያ ልብስ ነጋዴ ናት፤ የሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

«እትዬ ሥራነሽ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ልፈጃቸው ነው።» ክኒኑን አሳየቻት።

ፈውዚያ ክው አለች። «ያ ረቢ! ከዚህ ግድግዳ ማዶ እኮ ልጆቼ ይተኛሉ! የዚህ መርዝ ጭሱ አይታይም፤ በስንጥቁ ሾልኮ ይገባል። ለጎተራ የተሠራ ነገር መኝታ ቤት ይገባል እንዴ? ሰው ይጨርሳል!»

«እና እንደ ተዋረድኩ ልቅር?»

«ሕፃኑንስ የት ልታስተኚው ነው?»

ሥራነሽ እጇ ላይ ያለውን ጥቅል አየች። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ለሕፃን ብላ ሕፃን ልትገድል ነበር እኮ! ያን ክኒን ሳትፈታው ለደመላሽ መለሰችለት፤ እስኪበቃው ድረስም ሰደበችው።

ፈውዚያ ቤት ባለፈው ዓመት ትኋን ገብቶ ነበርና ነገሩን ታውቀዋለች። «መርዝም ላምባም አያስፈልግሽም። ላምባ ቤትሽን ያቃጥለዋል። የፈላ ውሃ፣ ጭቃና ትዕግሥት ይበቃል» አለቻት።

«ትዕግሥት የለኝም።»

«ቂም አለሽ አይደል? በሱ ሥሪ።»

እሰይ! ሥራነሽ የዚያን ለት ያገኘችው ደህና ምክር ይህ ነው።

በማግስቱ ጦርነቱ ተጀመረ። አንሶላውንና ብርድ ልብሱን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ፕላስቲክ ከረጢት ከታ አፉን አሰረች፤ እያራገፈች ብታወጣው ትኋኑን ለቤቱ ሁሉ ማደል ነው። ከዚያ በትልቁ የጠላ ድስት ቀቀለችው። የጥጥ ፍራሹንም እንዲሁ ጠቅልላ አውጥታ፣ ከቤቱ ራቅ ካለ ቦታ አነደደችው። ጠፍሩን ከአልጋው እየተለተለች ስታወጣ ትኋኖቹ ከየቀዳዳው ይረግፋሉ። «ለጥ ብለሽ ተኝተሽ ነበር አይደል? ተነሺ፣ እንግዳ መጥቶብሻል!» እያለች ከማንቆርቆሪያው የፈላውን በየመጋጠሚያው ቀስ አድርጋ ታንቆረቁራለች። እንዳትቃጠል እግሯ ላይ የባሏን የድሮ ቦቲ አጥልቃለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ ገሽልጣ አቃጠለች። የእመቤታችን ሥዕል ጀርባ ደርሳ ስታይ እዚያም ተደብቀዋል።

«እሷም ዘንድ ተጠግታችሁ? ቀሚሷ ሥር? ኧረ እፍረት!» አለችና አማትባ፣ ፍሬሙን በትኩስ እርጥብ ጨርቅ ጥርግ አደረገችው።

ግድግዳውን ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ሥራነሽ ከዚህ፣ ፈውዚያ ከዚያ ማዶ መረጉት። አንዷ ስትመታ ሌላዋ ይሰማታል፤ ስንጥቅ ባገኘች ቁጥር «አንዱ እዚህ አለ!» እያለች ትጮኻለች። አልጋው ላይ በጠፍሩ ፋንታ ጣውላ ረብርባ፣ አዲስ ስፖንጅ አንጥፋ፣ ከግድግዳ አርቃ አቆመችው። አራቱን እግሮች ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ አስገባች። ከዚያም ራሷ ተኛችበት። መደቧን ትታ! ትኋን ሰው ሳይሸተው ከተደበቀበት አይወጣማ፤ ማጥመጃው እሷው ሆነች። ጠዋት ጠዋት ጣሳዎቹ ውስጥ የወደቁትን እያየች «እንደምን አደራችሁ?» ትላቸዋለች።

እንቁላል ስለሚፈለፈል የፈላውን ደግማ ደጋግማ አንቆረቆረች። ፈውዚያ «አሁን ይበቃል» ስትላት «ለኔ አልበቃኝም» ትላለች።

ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁሉንም አልገደለቻቸውም። ከነሕይወታቸው የያዘቻቸውን በኮረሪማ ብልቃጥ ከታ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋለች። ከሁሉ የወፈረችውን «አሰገደች» ብላ ስም አውጥታላታለች። ሽሮ እየነፋች ቀና ብላ ብልቃጡን ታይና ፈገግ ትላለች። የት እንደሚፈቱ ታውቃለች፤ አሰገደች አልጋ ውስጥ!

ሕሊና ልትወልድ ስትቃረብ ሽማግሌዎች የት እንደምትታረስ ለመነጋገር አማኑኤል ተጠራሩ። ሥራነሽ ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ በሚኒባስ ሄደች። አሰገደች በር ላይ ተቀበለቻት። «ይግቡ፣ ይግቡ! ነጠላዎን እዚህ ያኑሩ» ብላ ለአራሷ ያሰናዳችውን ክፍል አሳየቻት። «እንደሚያዩት ነው፤ ንጹሕ ነው» ብላ ሽማግሌዎቹን ልታስተናግድ ወጣች።

ሥራነሽ ብቻዋን ቀረች። ብልቃጡን አወጣች። የፍራሹን ጥግ ብድግ አድርጋ ክዳኑን ልትከፍት ስትል ዓይኗ ስፌቱ ላይ አረፈ። ጥቁር ነጠብጣብ። ከነጠብጣቡ አጠገብ የተሰገሰጉት ደግሞ እነማን ናቸው? መጀመሪያ የሷዎቹ ያመለጡ መሰላት። ብልቃጡን አየች፤ እንደ ተከደነ ነው። እሷ የትኋን ሊቅ ሆና የለ? ፈትሻ ፈትሻ የአልጋውን እግር ደረሰች፤ ከላይ እስከ ታች ነው። ሳቋ አመለጣት።

«ወይዘሮ አሰገደች! አንዴ ይምጡልኝ።»

አሰገደች ገብታ የተገለበጠውን ፍራሽ ስታይ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። «ስለ እመብርሃን፣ ቀስ ይበሉ!»

«ይህ ምንድን ነው?»

«ከሠርጉም በፊት ነበሩብን» አለች አሰገደች በሹክሹክታ። «ለመልሱ እርስዎ ቤት ስሰነብት ብርድ ልብሴን ይዤ ነበር የመጣሁት... ኋላ ለንግሡ መጥቼ ስነከስ ገባኝ። ሰው የኔን ቤት ሳያውቅብኝ ብዬ...»

«ቀድመሽ የኔን ስም አጠፋሽ!» አለች ሥራነሽ። እርስዎ መባባሉ እዚያ ላይ አበቃ። «በደጀ ሰላም! በራስሽ ትኋን! አሁን ወጥተሽ ሕሊና እናቷ ዘንድ ትሂድ በያቸው። አለዚያ ይህን ፍራሽ ጎትቼ ሽማግሌዎቹ ፊት እዘረጋዋለሁ።»

አሰገደች ወጥታ የተባለችውን አለች። ሽማግሌዎቹ ምን እንደ ነካት ግራ ገባቸው፤ ግን ጠላቸውን ጠጥተው መረቁ።

ሥራነሽ ልጇን ይዛ ስትመለስ በር ላይ አስቆመቻት። የለበሰችውን ሁሉ አስወልቃ ቀቀለችው፤ ብልቃጡንም እዚያው የሚፈላው ድስት ውስጥ ገለበጠችው። ወፍራሟ መጨረሻ ላይ ወደቀች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ይበቃው ነበር። አይ ሥራነሽ! ሕሊና ጤና ጣቢያ በሰላም ሴት ልጅ ተገላግላ ያች የተጠበቀች ክፍል ገባች። አንድም የሚነክስ ነገር የለም። ሕፃኗ ግን አመለኛ ወጣች፤ ከእናቷና ከሥራነሽ እጅ በቀር ማንም ሲነካት ታለቅሳለች። ሥራነሽ በዚህ እንዴት እንደምትኮራ!

አሰገደች ዘመድ አስከትላ፣ ቅቤና ማር አስይዛ የልጅ ልጇን ልታይ መጣች። በር ላይ ድስት ይፈላል። አጥሩ ላይ የሥራነሽ ያረጀ የሥራ ቀሚስ ተሰቅሏል።

«ሌላው ይግባ። አንቺ ግን ልብስሽን ቀይሪ» አለቻት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«እማዬ፣ ኧረ ይብቃሽ!» አለች ሕሊና ከውስጥ። ሥራነሽ ቀሚሱን ከአጥሩ አውርዳ ለአሰገደች ዘረጋችላት።

አሰገደች ጓዳ ገብታ ለብሳው ወጣች። ቀሚሱ ያጥራታል፣ ብብቱ ተተርትሯል፣ አብሽና ኮረሪማ ይሸታል። ዘመዶቿ ተያዩ፤ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ደጀ ሰላም ላይ የሳቁት ሴቶችም ከጎረቤት መጥተው እዚያው ነበሩ፤ አሁን ነገሩ ገባቸው። ሥራነሽ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ሕፃኗ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ስትዞር ጩኸቷን ለቀቀችው። አሰገደች አንገቷን ደፍታ ከጥግ ተቀምጣለች። «እስቲ ለሷም ስጧት፤ ጩኸቱ ይድረሳት» አለች ሥራነሽ።

ሰጧት። ሕፃኗ አንዴ ተንሰቀሰቀችና አፍንጫዋን ቀሚሱ ላይ ቀበረች። ዝም። በትንሽ እጇ ቀሚሱን ጨምድዳ ያዘችና እንቅልፍ ወሰዳት። ሥራነሽ ማንቆርቆሪያዋን እንደ ያዘች ደርቃ ቀረች።

«ለመደችኝ!» አለች አሰገደች። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። ቀሚሱ የማን እንደ ሆነ ታውቃለች፤ ሕፃኗ የለመደችው ሽታውን እንደ ሆነም ታውቃለች። ልትሄድ ስትነሳ ሕፃኗን ለሕሊና አሳቀፈቻትና ወደ ሥራነሽ ቀረበች።

«ይህን ቀሚስ ብትሰጪኝ... ሕፃኗ አማኑኤል ስትመጣ እንድለብሰው።»

ሥራነሽ የቀሚሱን እጅጌ ያዝ አደረገች። ከደጅ የሚፈላው ድስት ይንተከተካል፤ ያንን ቀሚስ ልትቀቅልበት ነበር።

«ሳይታጠብ ውሰጂው» አለች።