የኸዋጃው ዱካን ፎቶዎች

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ልገዛ ጎንደር ገበያ ወጥቼ፣ አንዲት ጠባብ ጫማ ቤት ውስጥ እንደ ገባሁ የማስቲሽ፣ የአዲስ ቆዳና የካርቶን ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲሞላው፣ ለአፍታ የመጣሁበት ጉዳይ ጠፋኝ። ባለሱቁ ከየጥንዱ ግራ ግራውን ብቻ መደርደሪያው ላይ አሰልፎታል። ልጄ «እማ፣ ቀኙስ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ባለሱቁ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። እኔ በዚያች ቅጽበት ጎንደር አልነበርሁም፤ መተማ ዮሐንስ ነበርሁ፤ ጡቴ ገና ያላጎጠጎጠ ልጅ ሆኜ፣ በጨለመ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ፣ አቧራ የለበሱ የግራ እግር ጫማዎችን እያየሁ፣ አጠገቤ ካሜራ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለች ልጅ ደሜ እስኪፈላ እየቀናሁ።

ቤታችን ከሱዳኗ ገላባት ጋር ወደሚያገናኘው ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። እናቴ ለሹፌሮች ምግብ እየሸጠች ታሳድገናለች፤ ከጓዳችን ግድግዳ በስተጀርባ ደግሞ የኸዋጃው ዱካን ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። በኛ አገር፣ እንደ ሱዳኖቹ አጠራር፣ ነጭ ሰው ሁሉ ኸዋጃ ነው፤ ሱቅም ዱካን ነው። ሰውየው ግሪክ ይሁን አርመን እርግጡን የሚያውቅ አልነበረም፤ እናቴ ዘንድ ምሳ ሊበሉ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ወጡ ይቀዘቅዝባቸው ነበር። የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ጥጥ፣ ሰሊጥና ሙጫ እየገዛ፣ ጨርቅና ጫማ እየሸጠ ብዙ ዘመን ኖሮ፣ እኔ ሳልወለድ አንድ ጧት ሚስቱን ሎሪ ላይ አሳፍሮ፣ በሩን ቆልፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ መሄዱ ነው። በዚያው ቀረ።

እኔ ያን ቤት በዓይኔ ሳላየው በጆሮዬ አውቀው ነበር። በቀትር፣ ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት፣ ቆርቆሮው በሙቀቱ እየተንጣጣ እንደ ጥይት ይጮኻል፤ ሲመሻሽ የሌሊት ወፎች በተሰበረው መስኮት እየተግተለተሉ ይወጣሉ፤ ነፋስ ባለ ቀን ደግሞ ከውስጥ አንድ ነገር ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ያ ሲጥ የሚለው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ የልጅነቴን ግማሽ ፈጅቻለሁ። ወንድሜ «የኸዋጃው አልጋ ነው፣ ማታ ማታ እየመጣ ይተኛበታል» ይለኛል፤ እናቴ «አርፈሽ ተኚ» ትለኛለች።

ቁልፉ አባ ደምሌ ዘንድ ነበር። አባ ደምሌ በጎረምሳነታቸው ከጎጃም ለሰሊጥ አረም የወረዱ ሰው ናቸው፤ በወረዱበት ክረምት ወባ ጥሏቸው፣ የኸዋጃው ሚስት ዱካኑ በረንዳ ላይ አስተኝታ አስታማ አዳነቻቸው። ሲድኑ ጓደኞቻቸው ወዳገራቸው ተመልሰው ነበር፤ እሳቸው ዘበኛ ሆነው ቀሩ። ኸዋጃው ሲሄድ «እስክመለስ» ብሎ ቁልፉን ሰጣቸው፤ እሳቸውም ቁልፉን በማተባቸው ክር አስረው፣ ሰው የረሳውን ቤት ሲጠብቁ አረጁ። ምሳቸውን ከእናቴ ቤት የማደርስላቸው እኔ ነበርሁ። ሳሕኑን ባቀበልሁ ቁጥር «አባ ደምሌ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልይ፤ ምንም አልነካም» እላለሁ። እሳቸውም እጃቸውን እየታጠቡ «የሰው ቤት ነው ልጀ፤ ባለቤቱ ሲመጣ ትገቢያለሽ» ይሉኛል። ባለቤቱ እንደማይመጣ እኔም አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

ሰላማዊት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። አባቷ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበሩ፤ ከደብረ ማርቆስ ተዛውረው መጡና ከኛ ትንሽ ከፍ ብሎ ካለው ግቢ ገቡ። እኔ ክፍል ገባች፤ አጠገቤም ተቀመጠች። ነጭ ካልሲ የምታደርግ፣ በሙቀቱ ፊቷ እንደ በሰለ በርበሬ የሚቀላ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ ነበረች። አባቷ አሮጌ ካሜራቸውን ሰጥተዋታል። ሰፈሩ ካሜራ ማየቱ ደስ ብሎት ፀጉሩን እያበጠረ ቢሰለፍላትም እሷ ሰው አታነሣም፤ የዛገ በር፣ የተዘጋ መስኮት፣ የወደቀ ማስታወቂያ ሰሌዳ ታነሣለች። ሴቶቹ «አዬ፣ ሙቀቱ ራሷን ነክቷት ነው» ይሉ ነበር።

እኔ ግን ወደድኋት፤ ወይም እንደ ወደድኋት መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም እኔ መሪ፣ እሷ ተመሪ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስንወጣ የተዘጉ ቤቶችን ሁሉ አዞርኋት። ቁጥሮቹ ደርቀው የቀሩበትን አሮጌ የነዳጅ ማደያ አሳየኋት። ምድጃው ውስጥ ፍየል የምትወልድበትን ጣሪያ አልባ ዳቦ ቤት አሳየኋት፤ ፍየሏ ካሜራውን ስታይ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ እንደ ሙሽራ ቆመችላት፤ በሳቅ ፈረስን። ስለየቤቱ የሰማሁትን እነግራታለሁ፤ ያልሰማሁትንም እጨምርበታለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ከጓዳችን ደጃፍ ቆማ ውኃ ስትጠጣ ቀና አለችና «ይሄስ የማን ነው?» አለች። ያን ቤት ብቻ ደብቄባት ነበር።

«ዘበኛው አያስገቡም» አልኋት።

«እስኪ እንጠይቃቸው።»

አባ ደምሌ በረንዳቸው ላይ ገመድ ሲገምዱ አገኘናቸው። እሷ ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋሉ አባባ» ስትል፣ ገመዱን ከጭናቸው ላይ አወረዱት።

«ከየት ነሽ አንች?»

«ከደብረ ማርቆስ።»

«በስመ ሥላሴ! ያገሬ ልጅ!» ብለው ብድግ አሉ። ንግግሯን እንደ ዘፈን ደጋግማ እንድታሰማቸው ስለ ወንዙ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ብርዱ ጠየቋት። ከዚያ እጃቸው ወደ ማተባቸው ሄደ። ለዓመታት ምሳ ያመላለስሁላቸው እኔ እዚያው ቆሜ እያለሁ፣ ከመጣች ገና ክረምት ላልከረመች ልጅ ቁልፉን ፈቱላት። በሩ ሲከፈት እሷን በእጃቸው እየመሩ አስገቡና፣ ወደ ኋላ ዞር ብለው «አንችም ነይ እንጅ» አሉኝ። ያችን «አንችም» እስከ ዛሬ አልዋጥኋትም።

ውስጡ ቆዳ፣ ጥጥና የቆየ አቧራ ይሸታል። በቆርቆሮው ቀዳዳዎች የሚወርደው ብርሃን ወለሉ ላይ ተበትኗል። ረጅም የእንጨት ባንኮኒ፣ ጨርቅ የሚለካበት ዘንግ፣ በብርጭቆ ማሰሮ የተሞላ የልብስ ቁልፍ፣ ሰው የሚያክል የብረት ሚዛን፣ ራስ የሌለው የእንጨት ሰው ግራጫ ኮት ለብሶ። ከግድግዳው ላይ ደግሞ ያ መደርደሪያ፤ የወንድ፣ የሴት፣ የሕፃን ጫማ፣ ሁሉም የግራ። ቀኝ ቀኙ በካርቶን ሆኖ ጓዳ ተቀምጦ ሳለ ምስጥ እንደ በላው አባ ደምሌ ነገሩንና «እንግዲህ ባለ አንድ እግር ደንበኛ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» አሉ። ከጣሪያው አንድ ማራገቢያ ተንጠልጥሏል፤ በመስኮቱ ነፋስ በገባ ቁጥር እየዞረ ሲጥ ይላል። ልጅነቴን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ! «እሱ ነው! አገኘሁት!» ብዬ ስጮህ ሰላማዊት አንድ ዓይኗን ጨፍና ካሜራውን ወደ ማራገቢያው አንሥታለች። ቀጭ አደረገችው። እኔ ገና ማየት ስጀምር እሷ ወስዳው ነበር።

ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ። ልጅቱ ግን ቡዳ አልነበረችም፤ ዝም ብላ የምታይ ልጅ ነበረች። የኔን ቤት ከኔ በላይ ማየቷ ነው ያንገበገበኝ።

ልንወጣ ስንል አባ ደምሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንች ልጅ፣ ሰውስ ታነሻለሽ?» አሏት። አገራቸው አንዲት እህት ነበረቻቸው፤ እናታቸው ሞታ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ወደ በረሃ የወረዱ ቀን ለመስቀል እመለሳለሁ ብለዋት ነበር። በሕይወት ካለች መልካቸውን አይታ መኖራቸውን እንድታውቅ ፈለጉ። የእንጨቱን ሰው ኮት አወለቁ፣ አራገፉ፣ «ባለቤቱ ቢያይ ምን ይለኛል» እያሉ ለበሱት፤ ልክ ሆነላቸው። ከባንኮኒው ኋላ ቆሙ። ግን ጨለማ ነው፤ የካሜራው ፍላሽ ባትሪው አልቋል። ሰላማዊት «ፊታቸው አይወጣም» ብላ ልትተወው ስትል እኔ ሮጥሁ። የእናቴን ትልቁን የምግብ ትሪ ይዤ በመስኮቱ በኩል በውጭ ቆምሁና የመተማን ፀሐይ በትሪው ተቀብዬ ወደ ውስጥ መለስሁት። ብርሃኑ ግድግዳውን ዳስሶ ዳስሶ ፊታቸው ላይ አረፈ።

«ትንሽ ዝቅ! … እንደሱ! እንዳትንቀሳቀሺ!» ትላለች ከውስጥ። ትሪው እጄን ያቃጥለኛል፤ እሾህ ላይ ቆሜያለሁ፤ የማየው የትሪውን ጀርባ ብቻ ነው። ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ፊልሙ በሹፌር እጅ ለእጥበት ጎንደር ተላከ። ከመመለሱ በፊት የሰላማዊት አባት እንደገና ተዛወሩ። ስንሰናበት ሰላማዊት አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ከትከሻዋ በላይ ካሜራውን ሳይ ነበር። ከዚያ በኋላ አባ ደምሌ ምሳቸውን ሲቀበሉኝ «ከልጅቱ የመጣ ነገር የለም?» ማለት ጀመሩ። ምሳውን ማን እንዳመጣው እንኳ የሚያዩ አይመስሉም ነበር።

ፖስታው የመጣው የሰሊጥ አረሞ ሊያልቅ ሲል ነው። ሹፌሩ ምሳውን በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየኋቸው፤ በሩ፣ ማደያው፣ ፍየሏ፣ ማራገቢያው። አባ ደምሌ ከባንኮኒው ኋላ እንደ ባለጠጋ ነጋዴ ቆመዋል፤ የግንባራቸው መስመር ሳይቀር ይታያል፤ ያ ሁሉ የኔ ብርሃን ነው። እኔ ግን በአንዱም የለሁም። «ከነዚህ አንዷን ላስቀር?» ብል እናቴ «የሰው ንብረት ነው» ብላ የአባ ደምሌን ብቻ አውጥታ ሌላውን ለጉምሩክ ሰዎች፣ ለሰላማዊት አባት እንዲልኩላቸው ሰጠች።

አባ ደምሌ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። «ይኸ ሁሉ ሽበት የኔ ነው?» አሉ። እናቴ «ወዳገርዎ ለሚመለሱት ሠራተኞች እንስጠውና ያድርሱልዎ» ስትላቸው፣ ፎቶውን ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ከዚያም ከማተባቸው ቁልፉን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ፎቶውስ ለምን ብቻውን ይሄዳል?» አሉ።

ከአረም ተመላሾች ጋር በሎሪ ሄዱ። በሚቀጥለው ክረምት አንድ የአገራቸው ሰው ወሬያቸውን አመጣልን፤ እህትየው በሕይወት ነበረች፤ አባ ደምሌ ኮት የለበሱበት ፎቶም ከቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «ሰላም በሉልኝ ብለዋል» አለ፤ «ለዚያች ለፎቶ አንሽዋ ልጅ።» እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች።

የበሩ ቁልፍ እናቴ ዘንድ ስለነበረ ያኔ ደስ ባለኝ ሰዓት መግባት እችል ነበር። አንድ ቀን ብቻዬን ገባሁ። ሚዛኑም፣ የልብስ ቁልፉም፣ ጫማውም ከነበሩበት ነበሩ። ግን የሌሊት ወፍ ኩስ የሞላበት ጨለማ ቤት ሆኖ ነው የታየኝ። አንድ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ በጣቶቼ አራት ማዕዘን ሠርቼ አየሁ፤ ምንም የለም። ተናድጄ ዘግቼ ወጣሁ፤ ተመልሼም አልገባሁ።

ዘበኛ የሌለው ቤት ምን ይሆናል? አንድ ክረምት ነፋሱ የቆርቆሮውን ጫፍ ገለበጠው፤ ሌላው ክረምት ሰው ጨረሰው። ባንኮኒው ማገዶ ሆነ፤ ሚዛኑ ለቁርጥራጭ ብረት ሄደ። ድንጋዩ ተለቅሞ ለአጥር ሲጫን እኔ በመንገዱ ወደ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። በኋላ በቦታው ባለ መስታወት ሕንፃ ቆመ፤ ባለፈው ዓመት ስወርድ እሱም ተቆልፎ፣ ደረጃው ላይ የባጃጅ ልጆች ተቀምጠው አየሁ።

የጫማ ቤቱ ሽታ ያን ቅዳሜ አልለቅ ሲለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ስልኬን አነሣሁ። የሰላማዊትን ቁጥር ከትምህርት ቤት ጓደኞቻችን የቴሌግራም ቡድን ካገኘሁት ከርሟል፤ ደውዬላት ግን አላውቅም ነበር። ሐዋሳ ነው የምትኖረው። ስሜን ስነግራት እልል አለች። ፎቶዎቹን አንድም ሳትጥል አስቀምጣለች፤ ለልጆቿ እያሳየች ስለ ፍየሏ፣ ስለ አባ ደምሌ፣ ስለ እናቴ ትሪ ስትተርክላቸው ነው ያሳደገቻቸው። ከዚያ «መንገዱ ሰላም ሲሆን ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ፤ ቤቱን ታሳይኛለሽ አይደል?» አለችኝ።

«ቤቱ የለም» አልኋት።

«እንዴት የለም?»

ነገርኋት። ስልኩ ውስጥ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔም «አይዞሽ፣ በቃሽ» እያልሁ፣ ሟቹ የኔ ሆኖ ሳለ እንግዳዋን የማጽናና ሆንሁ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ የራሴን እንባ ጠበቅሁት። አልመጣም። ለኔ ያ ቤት ዓይኔ እያየ፣ ዛሬ ቆርቆሮው፣ ነገ ድንጋዩ እየሄደ ነው ያለቀው፤ ለቅሶ የሚወጣለት አንድ ቀን አልነበረውም። ለሷ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይጎድል ቆሞላት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ፈረሰባት። በካሜራዋስ ድሮ ቀንቼባታለሁ፤ አሁን የቀናሁት እንደዚያ አድርጋ በማልቀሷ ነው።