የራቤል ስልክ መስመር ጫጫታ

ማክሰኞ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነሣሁ። የስልክ ቴክኒሻን ነኝ፤ የምሄደው ራቤል ነው። እዚያ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ጥያቄውን ከኮምፒውተር በሞደም አድርጎ በስልክ መስመር ይልካል። ከአምና ወዲህ ግን ግንኙነቱ መሃል ላይ እየተቋረጠ ጥያቄው አይደርስም። በዚሁ ሰበብ የሕፃናት ክትባት ዘግይቶ፣ ላኪዋ ነርስ ተወቅሳበታለች።

ጣርማ በር ላይ አውቶብሳችን ከአስፋልቱ ታጠፈ። ሞላሌ ገበያ ነበር፤ ነጋዴዎች በጎቻቸውን አውቶብሱ ጣሪያ ላይ እስኪጭኑ ሽሮ በገብስ እንጀራ በሦስት ብር በላሁ። መሐል ሜዳ አደርኩ። ሁለት የበግ ጠጉር ባና ደርቤ ለብሼም ብርዱን አልቻልኩትም።

ረቡዕ፣ ራቤል

ነርሷ ሲስተር አልማዝ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። ስልኩን አንስታ አሰማችኝ። ጥርት ያለ ነው።

«ለጆሮ ይበቃል፤ ለሞደም ግን አይበቃም» አልኳት።

«ታዲያ አምና በስልክ ‹ማሽኑን አያውቁበትም› ያለኝ ሰው ማነው?»

እኔ ነበርኩ። ነገርኳት። ወንበር ሳበችልኝ።

መለኪያዬን ሰካሁ። መስመሩ ዝም ሲል ጫጫታ የለም፤ ሞደሙ መላክ ሲጀምር ግን አብሮ ይነሣል። የተበላሸው ሽቦው ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ ይጮህ ነበር። ይህ የመለወጥ ጫጫታ ነው፦ ድምፅ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ቁጥሩ ይጠጋጋል፣ ደጋግሞ ሲለወጥም ስሕተቱ ይደራረባል። ድምፁ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ያለአግባብ እየተለወጠ ነው ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ተራራው ላይ

ሦስት ሰዓት ያህል በበቅሎ ወጥቼ የራቤል ስልክ የሚያልፍበት ማስተላለፊያ ጣቢያ ደረስኩ። ጠባቂው ጋሼ ደምሴ ሽማግሌ ናቸው። አምና አዲስ ማስተላለፊያ መሣሪያ ሲተከል አሮጌው ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የለም፤ ‹ለመጠባበቂያ› ብለው ሁለቱን አያይዘው ሄዱ» አሉኝ።

ከራቤል ወደ ቁጥር ተለውጦ የመጣው አሮጌው ውስጥ ወደ ድምፅ ይመለሳል፤ አዲሱ እንደገና ቁጥር ያደርገዋል። ይህንኑ ሳስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እህልም ከቁና ቁና ሲገለበጥ ይጎድላል።»

አሮጌውን ነቅዬ መስመሩን በቁጥር እንዳለ እንዲያልፍ አገናኘሁት። ለሲስተር አልማዝ ደውዬ እንድትልክ ነገርኳት፤ ከጋሼ ደምሴ ጋር ደጅ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ስልኩ ሲጮህ ሮጬ አነሣሁ።

«ደረሰ» አለች። «ተቀባዮቹ ደውለው አንብበውልኛል፤ አንድም ቁጥር አልተዛባም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ገባሁ። ቤቴ ሳልደርስ ቢሮ ጎራ ብዬ የአምናውን መዝገብ አወጣሁ። «ችግሩ የተጠቃሚዋ ነው» ይላል፤ የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው። ሰረዝኩት፣ እውነተኛውን ምክንያት ጽፌ ፈረምኩ፤ ቅጂውን ለሲስተር አልማዝ አለቃ ላክሁ። ከዚያ ወዲህ መስመር ተበላሸ ሲሉኝ «ምን ነክተው ነው?» ብዬ አልጀምርም። መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳላይ አልፈርድም።