ኳኳታ ያለው ጎማ

የመጀመሪያው በረዶ ሊወርድ ሲል ወደ ጎማ ቤታችን የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። እዚህ ሰሜን ፊንላንድ ሰው ካልጠየቁት አይናገርም፤ እሳቸውማ ቢጠየቁም ነገር አያበዙም። ሹራባቸው አንደኛው ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል፤ አጣጣፉ የባለሙያ እጅ ነው።

ቸርኬ ለመምረጥ አይቸገሩም። የሚያብለጨልጨውን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ "ይሄንን መንገድ ላይ የሚበትኑት የበረዶ ማቅለጫ ጨው ይበላዋል" ይሉና ጥቁሩን ብረት ያነሳሉ። ጎማው ላይ ግን ይቆያሉ፤ በረዶ እንዲቆነጥጡ ጎማው ላይ የተተከሉትን ምስማሮች በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ይዳብሳሉ።

አምና አለቃዬ ራይሞ ምስማር የሌለውን ሊሸጥላቸው ሞክሮ ነበር።

"አባቴ፣ ይሄም በረዶ ላይ አያንሸራትትም፤ አስፋልት ላይ ደግሞ ኳኳታ የለውም።"

"እኔ የምፈልገው ኳኳታውን ነው" አሉ። "ቤታችን አጠገብ ያለውን ድልድይ ስሻገር ሚስቴ ትሰማና ድንቹን ትጥዳለች።"

ራይሞ ወሬውን ወደደው። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ባለ ምስማር የጠየቀውን ሁሉ፣ "ድንች ልታስጥድ ነው?" እያለ ሲቀልድ ከረመ።

ዛሬ ሽማግሌው መጡ። የሹራቡ ሌላኛው ክርን ተቀዶ ክሩ ተንጠልጥሏል። ራይሞ ገና ከበሩ ሲያያቸው፣ "ባለ ድንቹ ጎማ ይኸውልዎት" ብሎ እያንከባለለ አመጣላቸው። ሽማግሌው ጎማውን በመዳፋቸው አቆሙት።

"ኳኳታ የሌለውን ስጠኝ።"

"ምነው አባቴ? ድንቹስ?"

"አሁንማ ቤት ገብቼ ራሴው ነኝ የምጥደው።"