የመርፌው ሚስት ዶሮዎች

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «መርፌው» ይለዋል፤ ስለ ቅጥነቱም፣ ያገኘውን ሁሉ ሳያስተካክል ስለማያልፍም ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ግን ልቡ እንደ ደነዘዘ እግር ሆነበት። ሰዎች ሲያለቅሱ አያለቅስም፤ ሲስቁም ይስቃል፣ ዘግይቶ። ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሱት የእሷ ዶሮዎች ብቻ ነበሩ። ጥሬ ይበትናል፣ ውሃ ይቀይራል፣ ጭድ ከተነጠፈበት መጣያ ሣጥናቸው እንቁላሉን አንድም ሳያስቀር ይለቅማል፤ ጭዱንም እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ አስተካክሎ ይገባል።

ታዲያ ዶሮዎቹ መጣል አቆሙ።

«አባዬ፣ አርጅተዋል» አለች ልጁ። «እሁድ አርደናቸው አንተም እኔ ጋ ትገባለህ።»

«እሺ» አላት። እምቢ ለማለትም ጉልበት ይጠይቃል። ብቻውን ሲቀር ግን ሰኞ ጠዋት ምን ሊያደርግ እንደሚነሳ አሰበ፤ ምንም አልመጣለትም።

ቅዳሜ አትክልት ሻጯ ጎረቤቱ ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። ከጓሮ አንዷ ዶሮ አስካካች።

«ጋሼ፣ ይቺ እንቁላል ጥላ ነው እንዴ?»

«ልማዷ ነው። ሣጥኑ ባዶ ነው።»

«ዶሮ በከንቱ አታወራም፤ እንደኔ መሰለችዎት? ለመሆኑ ሙልጭ አድርገው ነው የሚለቅሙት?»

«ታዲያስ?»

«ወይ ጋሼ! ቀማኛ የለመደው ቤት ነው ብላ ሌላ ቦታ ሸሽታ እየጣለች ነዋ። እትዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሁሌም አንድ ይተዉላት ነበር።»

ያን ሁሉ ዘመን እንቁላሉን በላ እንጂ ይህን አያውቅም ነበር። ድምፁን ተከትለው ሄዱ። ከአጥሩ ሥር፣ ከተጣለ ቆርቆሮ ጀርባ፣ እንቁላሉ ተከምሯል። የላይኛው ገና ትኩስ ነው። በመዳፉ ይዞ ልቡ አንድ ነገር እንዲለው ጠበቀ። ምንም አላለውም፤ መዳፉ ብቻ ሞቀ።

ዶሮዎቹ ወደ ቆርቆሮው ጀርባ የሚገቡበትን ቀዳዳ በድንጋይ ደፈነና፣ ሌሎቹን ለቅሞ ትኩሱን እንቁላል ግን ወስዶ ሣጥኑ ውስጥ አኖረው። ጭዱ እንደ ተንጨባረረ ነበር። ሊያስተካክለው እጁን ሰደደ፣ መለሰው፤ ትቶት ገባ።

እሁድ ልጁ ቢላዋ ይዛ መጣች።

«ይደር» አላት።

«እስከ መቼ?»

«እየጣሉ ነው።»

«እንዲያም ቢሆን አንተ እኔ ጋ ትመጣለህ ተባብለን የለ?»

«ብለን ነበር። ማን ይለቅማል? ማንስ አንድ ይተውላቸዋል?»

ልጁ አየችው። ፊቱ ላይ ደስታም ኀዘንም የለም። ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ለእንቁላል ጥብስ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።